ድምፁን የሚቃኘው ማን ነው?

ኤፍ ኤም 8 በተባለው ድምፅ ሠሪ ፕሮግራም ላይ በሙዚቀኞች መካከል የተነሣው ክርክር ወደ ሃያ ዓመት ተጠግቶታል። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ያዋለው በበርሊን ከተማ የተቋቋመው ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ የተባለ ኩባንያ ነው። ቀድሞ ሲንተሳይዘር በተባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይሠራ የነበረውን ድምፅ የመፍጠር ሥራ በኮምፒዩተር ስሌት የሚያከናውን፣ የቁልፍ ሰሌዳ ሲገናኝለትም እንደ ማንኛውም መሣሪያ የሚጫወቱት ፕሮግራም ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ የሙዚቀኞች አስተያየት ሦስት ቦታ ተከፍሏል። አንደኛው ወገን «ቀዝቃዛ ነው፤ የብርጭቆና የብረት ድምፅ እንጂ የሰው ትንፋሽ የለበትም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ጥልቀቱ ማለቂያ የለውም፣ ዕድሜ ልክ ቢማሩት አይጠገብም ሲል ያሞግሰዋል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ክርክሩን ራሱን እንደ ሥራ ፈትነት ቆጥሮ፣ «መሣሪያው በመቶ የሚቆጠሩ ዝግጁ ድምፆች ይዞ ቀርቧል፤ ከነዚያ አንዱን መርጦ መጫወት ነው፤ ሙዚቀኛ የተፈጠረው ዜማ ሊጫወት እንጂ ቁጥር ሊደምር አይደለም» ባይ ነው።

ይህ የሦስተኛው ወገን አነጋገር ለሰሚው የብልህ ሰው ምክር ይመስላል። ነገሩን የሚያቃልል፣ ጠብ የሚያበርድ፣ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ነገር ግን ከሦስቱ አስተያየቶች ሁሉ ለሙዚቃ ጎጂው ይኸው ነው። ሁለቱ ወገኖች ቢሳሳቱ እንኳ የሚሟገቱት ስለ ድምፅ ነው፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ለፍርድ አቅርበዋል። ሦስተኛው ወገን ግን ጆሮውን ለሌላ ሰው አከራይቶ ጣቱን ብቻ ይዞ ቀርቷል። ይህ ፍርድ የጠነከረ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የመሣሪያውን ትውልድ መመልከት ይገባዋል።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የድምፅ አሠራር የተገኘው በመሐንዲስ ስሌት ሳይሆን በሙዚቀኛ ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሙዚቃ ደራሲና ከበሮ መቺ ጆን ቻውኒንግ፣ በኮምፒዩተር የተሠራን አንድ ቀጭን ድምፅ እያርገበገበ ይሞክር ነበር። ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ፣ ማሲንቆ መቺም ጣቱን በክሩ ላይ ሲያንቀጠቅጥ የሚሰማው ዓይነት እርግብግቢት ነው። ቻውኒንግ እርግብግቢቱን ከሰው ጣትና ጉሮሮ አቅም በላይ እያፈጠነና እያሰፋ ሲሄድ፣ ከአንድ ደረጃ በኋላ ጆሮ መርገብገቡን መስማት አቆመ፤ በምትኩ ከዚያ በፊት ያልነበረ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። ቻውኒንግ ይህን በሒሳብ አስደግፎ እ.ኤ.አ. በ1973 በጽሑፍ አወጣው። ከሬዲዮ ሥርጭት ጋር በተያያዘ ሁሉም የሚያውቀው «ኤፍ ኤም» የሚለው ስያሜ ለዚህም አሠራር የተሰጠው፣ በሁለቱም ዘንድ የአንዱ ሞገድ ድግግሞሽ በሌላው ሞገድ ስለሚለዋወጥ ነው።

የግኝቱ የንግድ ታሪክም ለትዝብት የሚበቃ ነው። ዩኒቨርሲቲው አሠራሩን ለአሜሪካ የኦርጋን ፋብሪካዎች ቢያቀርብ ጥቅሙ አልታያቸውምና መለሱት፤ የተቀበለው የጃፓኑ ያማሃ ነው። የፈጠራ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ተመዘገበ፤ ለዩኒቨርሲቲውም ዘመኑ እስኪያበቃ ድረስ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ያማሃም እ.ኤ.አ. በ1983 ዲ ኤክስ 7 የተባለውን ሲንተሳይዘር አወጣ። ኤፍ ኤም 8 የዚህ መሣሪያ የመንፈስ ልጅ ነው፤ የአባቱንም ድምፆች ተቀብሎ ማሰማት ይችላል።

አሠራሩ ከባድ ነው ይባላል። እስኪ ክብደቱ ይመዘን። በአንድ ሴኮንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ ሞገድ ይወሰድ፤ ይህ ለጆሮ የሚደርሰው፣ ተሸካሚ ሊባል የሚችለው ነው። ሁለተኛ ሞገድ ደግሞ ለብቻው ሳይሰማ የመጀመሪያውን እንዲያነቃንቅ ይደረግ፤ ይህን ለዋጭ ማለት ይቻላል። ለዋጩ እርሱም 200 ከሆነ በ200፣ በ400፣ በ600፣ በ800 ላይ ድምፆች ይወለዱና ሙሉ፣ ወደ ናስ መሣሪያ ያዘነበለ ድምፅ ይሰማል። ለዋጩ 400 ሲሆን 200፣ 600 እና 1000 ብቻ ይወለዳሉ፤ በመካከል ያሉት ይጎድላሉ፤ ድምፁም ወደ ክላርኔት ያደላል። ለዋጩ 280 ከሆነ ግን 80፣ 200፣ 360፣ 480፣ 640፣ 760 እያለ እርስ በርሱ በማይገጥም ደረጃ ይረጫል፤ ይህ የደወል ድምፅ ነው። የለዋጩ ኃይል ሲጨምር ድምፁ ይበራል፣ ሲቀንስ ይደበዝዛል። ኃይሉ መጀመሪያ ላይ በርትቶ ቀስ እያለ እንዲወርድ ቢደረግ ደወሉ ተመትቶ ሲያስተጋባ ይሰማል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው መደመርና መቀነስ ነው። ዲ ኤክስ 7 እንዲህ ያሉ ሞገዶችን በስድስት ኦፕሬተሮች ይሠራል፤ ኦፕሬተሮቹ አንዱ ሌላውን የሚያነቃንቁባቸው 32 የተወሰኑ አሰላለፎች ነበሩት። መሠረቱ ግን ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በእርግጥ ዲ ኤክስ 7 ለሠሪው የተመቸ አልነበረም። ሁለት መስመር ብቻ፣ በእያንዳንዱም መስመር 16 ፊደል የሚያሳይ ጠባብ መስኮት ነበረው፤ ከመቶ የሚበልጡት የድምፅ መወሰኛዎች ሁሉ በዚያች መስኮትና በአንድ ተንሸራታች እጀታ በኩል አንድ በአንድ ይለወጡ ነበር። ከዚህ የተነሣ አብዛኛው ገዥ ፋብሪካው በሰጠው ድምፅ ተወስኖ ቀረ። ለጥገና ከሚመጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ውስጥ የፋብሪካው ድምፆች እንዳሉ ይገኙ ነበር ተብሎ በጠጋኞች ዘንድ ሲነገር ኖሯል፤ ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፣ የዘመኑን ሸክላና ካሴት ለሰማ ሰው ግን የማይታመን አይሆንም። «ኢ ፒያኖ 1» የሚል ስም የነበረው አንድ ዝግጁ ድምፅ በ1980ዎቹ የፍቅር ዘፈኖች ውስጥ እንደ ጨው ተነስንሶ ይገኛል። ያን ድምፅ ያበጁት ሰዎች ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሥራቸውም መልካም ነበር። ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ይህንኑ መሣሪያ ይዞ የራሱን ድምፅ ይሠራ ነበር፤ ቻውኒንግም ከዴቪድ ብሪስቶ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986 አሠራሩን ለሙዚቀኞች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሟል። መማር ለፈለገ መንገዱ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ኤፍ ኤም 8 ይህን ሁሉ ሰበብ አነሣ። በጠባቧ መስኮት ፈንታ የኮምፒዩተር ገጽ መጣ፤ በ32 የተወሰኑ አሰላለፎች ፈንታ እያንዳንዱ ኦፕሬተር ከማንኛውም ጋር በነፃ የሚገናኝበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚታይበት ሠንጠረዥ ቀረበ። ማን ማንን እንደሚያነቃንቅና በምን ያህል ኃይል እንደሚያነቃንቅ በዓይን ይታያል። «መስኮቱ ጠበበኝ» ይል የነበረው ሙዚቀኛ መስኮቱ ሲሰፋለት ምን አደረገ? ከዝግጁ ድምፆቹ ዝርዝር አልወጣም። ኩባንያውም ይህን ዐውቆ የማቅለያ ገጽ ጨመረለት፤ ውስጡን ሳይነኩ ድምፁን ትንሽ የሚያደምቁበት፣ ትንሽ የሚያደበዝዙበት ገጽ ነው። ለጀማሪ ይህ ገጽ እንደ ደረጃ ያገለግላል። ዓመታት በሙያው ላይ ከቆየ በኋላ በዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ «ሌላው ሁሉ የመሐንዲስ ሥራ ነው» የሚል ሰው ግን ችግሩ ከመስኮቱ እንዳልነበረ በራሱ ላይ መስክሯል።

«ቀዝቃዛ ነው» ለሚሉት መልስ የሰጡት ወጣቶች ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ለንደን የተወለደው ደብስቴፕ የተባለው የጭፈራ ሙዚቃ አትላንቲክን በተሻገረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ፣ በስክሪሌክስ የመድረክ ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ይህንኑ «ቀዝቃዛ» ፕሮግራም ይዞ እንደ አውሬ የሚያጉረመርም፣ አፍ ያለው የሚመስል ባስ አወጣ። ወደዱትም ጠሉት፣ ብርጭቆ ነው የሚለው አልተገኘም። ቅዝቃዜው የሠሪው እጅ ቅዝቃዜ እንጂ የአሠራሩ ጠባይ አለመሆኑ በዚህ ታየ። ቀጥሎ የሆነው ግን ያሳዝናል። ያ የሚያጉረመርም ድምፅ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ተገልብጦና ተቀምሞ በዝግጁ ድምፅነት ይሸጥ ጀመር፤ አንድ ሰው በድካም ያገኘውን ሺዎች በአንድ ጠቅታ ለበሱት፤ ሙዚቃውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሱ መሳለቂያ ሆነ።

ለአሞጋሾቹም የሚባል አለ። ከነርሱ መካከል ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሲሠሩ አድረው ለዓመታት አንድ ዜማ ያላወጡ አሉ። የመሣሪያውን ውስብስብነት እንደ ማዕርግ ይለብሱታል፤ ያልተማረውን ይንቃሉ፤ «ከባዶ ያልጀመረ አልሠራም» እያሉ አዲሱን ተማሪ ያባርራሉ። የሦስተኛውን ወገን ጎራ የሚያበዙለት ሌሎች ሳይሆኑ እነዚሁ ናቸው። በቴክኒክ መመካት የሙዚቃ ፍሬ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ቀለም ሊባክንበትም አይገባም።

ወደ ዋናው ነገር ለመመለስ፣ ድምፅን መሥራት የመሐንዲስ ፈንታ ነው የሚለው አባባል ለኢትዮጵያ ሙዚቀኛ ከቶ ሊዋጥ የማይገባው ነው። በዚህ አገር የሙዚቃ ትምህርት የሚጀመረው በመቃኘት ነው። ክራሩን ራሱ መቃኘት የማይችልን ሰው ክራር መቺ ብሎ የሚጠራ የለም። በገና ደርዳሪውማ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ዐሥሩን አውታር በጆሮው ቃኝቶ ሲያበቃ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በመንደሪያው መካከል የሚገባውን እንዚራ የተባለ የቆዳ ቁራጭ በጥቂቱ እየገፋና እየሳበ ያ የታወቀው የሚነዝር ድምፅ እስኪመጣ ይታገላል። ቁራጩ በትንሹ ቢያልፍ አውታሩ ይታፈናል፤ ቢጎድል ባዶውን ይጮኻል። ይህ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? የአንድን ድምፅ ቀለም በመወሰኛዎች እያረመ ይሠራል። ቻውኒንግ የለዋጩን ኃይል ሲጨምርና ሲቀንስ ያደረገውም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ሥራው አንድ ነው፤ የሚለየው ቆዳውና ቁጥሩ ነው።

እዚህ ላይ የሦስተኛው ወገን ጠበቃ ማሲንቆን ጠቅሶ ይነሣ ይሆናል፤ «ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው፤ አዝማሪው በዚያች አንድ ክር ያላለው የለም፤ ውስብስብነት ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። ምስክሩ ግን የመጣው በጠሪው ላይ ነው። ማሲንቆ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አንድም ዝግጁ ድምፅ የለም። እያንዳንዱ ድምፅ ከክሩ ላይ የሚነሣው ጣት ባረፈበት ቦታ፣ የጭራው ቀስት በተጫነበት ክብደት፣ በዚያች ቅጽበት ተሠርቶ ነው። ቀላል መሣሪያና ያለቀለት ድምፅ አንድ አይደሉም። ቀላል መሣሪያ የሚፈልግ ሙዚቀኛ ኤፍ ኤም 8ን ትቶ ሁለት ሞገድ ብቻ ያለው ፕሮግራም ቢይዝ የሚነቅፈው የለም፤ ሁለቱን ሞገዶች ራሱ እስከቃኘ ድረስ።

ጉዳዩ ከድምፅ ቀለም አልፎ ወደ ቅኝት ሲደርስ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ከፋብሪካ የሚወጣ የቁልፍ ሰሌዳ ኦክታቭን በ12 እኩል ክፍል ቆርጦ ይመጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በባለ ክራሩ ጆሮ ሲቃኙ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከዚህ እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ያ ትንሽ ልዩነት ስሕተት አይደለም፤ ዜማው የሚኖርበት ቦታ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ዝግጁውን ድምፅ ከዝግጁው ቅኝት ጋር ሲወስድ ያን ቦታ ሳያውቀው ይዘጋዋል። አብሮት የሚያድገው ልጅም እኩል የተቆረጠውን ብቻ እየሰማ አድጎ፣ አንድ ቀን የገጠር ባለ ክራር ሲሰማ «ቅኝቱ ተበላሽቷል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል።

መሣሪያው ግን ወደዚህ አላስገደደም። ቻውኒንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 በፓሪስ በተሰማው «ስትሪያ» በተባለ ድርሰቱ የተለመደውን ኦክታቭ ትቶታል። በ2 ለ1 ፈንታ 1.618 የሆነውን፣ ወርቃማ ንፅፅር የሚባለውን ቁጥር መሠረት አድርጎ የድምፆቹን ርቀትም፣ የየድምፁን ውስጣዊ ቀለምም ከዚያው ከአንድ ቁጥር አወጣ። ቅኝትና የድምፅ ቀለም በአንድ እጅ ተሠሩ ማለት ነው። ይህን ያደረገው ሰው ከማንም ዝርዝር ውስጥ የመረጠው ድምፅ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ዲ ኤክስ 7ን በኮምፒዩተር የሚተካው ዴክስድ የተባለ ፕሮግራም ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የአሠራሩ ጽሑፍም ለሁሉ ክፍት ነው፤ ተጠቃሚው የራሱን ቅኝት በቁጥር ጽፎ ሲያስገባለትም ይቀበላል። ከአንድ ክራር ላይ የተለካ ቅኝት፣ በባለ ክራሩ ስምና በተቃኘበት ቦታ ተመዝግቦ፣ በዚህ ፕሮግራም ላይ ሊሰማ ይችላል።

የኪቦርድ ተጫዋቹን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ትልልቆቹ የነፋስ መሣሪያ ባንዶች እየተመናመኑ ሄደው፣ በ1990ዎቹ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የባንድን ሥራ ሁሉ እንዲሸከም የተደረገው በችግር ነው፤ የሠርጉም፣ የምሽት ክበቡም፣ የካሴት አሳታሚውም ትእዛዝ ቶሎ እንዲደርስ ነበር። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚቀርጽ ሰው ስለ ለዋጭና ተሸካሚ የሚያስብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? መመሪያዎቹም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ በአማርኛ የሚያስረዳ መምህር ያላገኘ ሰው ቢሸሽ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዚያው ችግር ውስጥ ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ገብቶ በቀረጸው የመሣሪያ ሙዚቃ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ የቁልፍ መሣሪያዎችና ከምት ማሽን ጋር አስማምቶታል፤ እርሱም አንድ ሰው ነበር፣ ማሽንም ነበረው። የቀድሞው ዜማ በእጁ ሲያልፍ ግን ማሽኑ ወደ ዜማው መጣ እንጂ ዜማው ወደ ማሽኑ አልተጎተተም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም የባዕድ አገር አድማጭ የደነቀው የመሣሪያው ውድነት አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄው ለሙዚቃ መምህራንና የኪነት ቡድኖችን ለሚመሩ ሰዎች የሚቀርብ ነው። ለቡድን አዲስ ኪቦርድ ሲገዛ ስንት ድምፅ እንዳለው ይጠየቃል፤ ቅኝቱ ይለወጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ስንት ነው? በውድድር መድረክ ላይ ዘፋኙ በድምፁ፣ ተወዛዋዡ በእስክስታው ይመዘናል፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሌላ አገር በተሠራ ድምፅ ሲጫወት ግን ማንም አይጠይቀውም። በክራር ላይ ይህ ቢደረግ፣ ባለ ክራሩ በሌላ ሰው እጅ የተቃኘ ክራር ይዞ ወጥቶ ክሩ ሲረግብበት ማረም ቢያቅተው፣ አዳራሹ በሳቅ ይሞላ ነበር።

መምህሩ ከደወሉ ሊጀምር ይችላል። በጥቁር ሰሌዳው ላይ 200 እና 280 ብሎ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹ የሚወለዱትን ድምፆች ደምረውና ቀንሰው ያውጡ፤ ከዚያ ዴክስድ ተከፍቶ ያወጡትን ይስሙ። ቀጥሎ አንድ ባለ ክራር ይምጣና ክራሩን በጆሮው ይቃኝ፤ ተማሪዎቹ የእያንዳንዱን ክር ድግግሞሽ ለክተው ወደ ፕሮግራሙ ያስገቡ፤ ባለ ክራሩም ሰምቶ «ይህ ትክክል ነው፣ ይህ አይደለም» እያለ ያርማቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ክራርና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው።